የቴርሞስታቱ ቤት

ከደባርቅ ስንነሳ፣ ጎህ ገና ሳይቀድ፣
መስታወቱን ከውስጥ እስትንፋስ ሲጋርድ፣
ሻረው በጋቢው ጫፍ ያብስልኛል መንገድ።

አሥራ አራት ሰው አለ፣ ትርፉን ሳልቆጥረው፤
ከበሩ አጠገብ አራስ፣ ልጅ ደረቷ ላይ ነው።
“ሹፌር፣ ሙቀት ልቀቅ፣ ሕፃኑን በረደው።”

ቁልፉን ወደ ቀዩ እስከ ጥጉ አዞርኩት፤
ነፋስ መጣ፣ እሱም ከሊማሊሞ አፋፍ የተበደርኩት።
“ይሞቃል፣ ጠብቂ” ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አልኳት።

አንድ ቃል ሳትጨምር ልጇን አጥብቃ ታቀፈች፤
ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ነጠላ ደራርባ ጠበቀች።
የሙቀት መርፌዋ ከታች ተኝታለች።
ከሞተሩ በፊት የሞቀው የኔ ፊት ነው።

ተሳፋሪ አውርጄ፣ ቁርስም ሳልቀምስ፣
ጎንደርን አቋርጬ፣ አዘዞ፣ አዛናው ጋ ልደርስ።

አዛናው ኮፈን ሳይነካ በፊት ይጠይቃል፤
ዓይኑን መሬት ጥሎ፣ እንደ ንስሐ አባት ያዳምጣል።
“ዳገት ላይ ነው ሕመሙ፣ ወይስ ቆመህ ሳለ?
ውኃ ትጨምራለህ? ከሥር የሚንጠባጠብ አለ?
ዘይቱ ወተት መስሎ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ያውቃል?”
“ኧረ ምንም! ብቻ አይሞቅም።”
ሳቀ።
“ሰው ‘ፈላብኝ’ ብሎ ነው እዚህ በር ላይ የወደቀ፤
ስለ ብርድ የከሰሰኝ ካንተ በፊት ማን ታወቀ?”

ከዚያ ማስተማር ያዘ፣ መፍቻ ገና ሳያነሳ፦
“ሞተሩ እየነደደ ሂተሩ ከቀዘቀዘ፣
ወይ ውኃው ጎድሏል፣ ወይ ፓምፑ ደነዘዘ፤
ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ከፈላ፣
ጓርኒሲዮኑን በልቷል፤ ቀጥሎ አንተን ሊበላ።
ሁለቱም ከበረዱ ግን…” አለና ዝም አለ።

ሞተሩን አስነሳ። በእጁ ጀርባ ዳሰሰ፤
መዳፉማ ድሮ ነው ነዶ የጨረሰ።
አውሮፕላን ከላያችን ሊያርፍ ሲያጓራ፣
እስኪያልፍ ጠበቀ፣ ጆሮው ከሞተሩ ጋራ።
የሂተሩ ማኒኮቶ፣ ገቢውም ወጪውም፣
እኩል ለብ ብለዋል፤ የተደፈነ የለም።
ትልቁ፣ የላይኛው፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ
ለብ ማለት ጀመረ፤ መጠበቅ ሲገባው ኋላ።

ሁለት ቡሎን ፈታ።
የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነው።
ጣቴን ከተትኩ፤ ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ ለስልሷል።

“የየትኛው እጀ ሰባራ ሥራ ነው?” ብዬ ጮኽኩ፤
ዘር ማንዘሩን ልሰድብ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
አዛናው ቡሎኑን በጨርቅ ወለወለ፣
የጠራውን ቡሎን ደጋግሞ ወለወለ።
“እኔ ነኝ” አለ።

“የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ፈልቶብህ
መጣህ። ‘ላገራችን አያስፈልግም’ አልሁህ፤
አውጥቼ ሸኘሁህ።
ለካ ራዲያተሩ ነው፣ ፊቱን ገለባ ደፍኖት፤
ጥፋቱ የመስኮት፣
በሩን ግን ገነጠልሁት።”

አፌ ላይ የደረሰው ስድብ ወደ ሆዴ ወረደ፤
እሱም ለብ ብሎ ነበር፣ ከሞተሬ የለመደ።

ከመሳቢያው ሥር፣ ከአሮጌ ካንዴላ በታች፣
አንዲት ናስ አወጣ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለች።
“አልጣልኋትም” አለ።
በጣሳ ውኃ ጥዶ፣ በሽቦ አንጠልጥሎ ነከራት፤
ሦስታችን ተደፍተን፣ እንደ ሚገነፍል ወተት ጠበቅናት።
ውኃው ሲንተከተክ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ዓይን፣ ተከፈተች፤
ስናወጣት ደግሞ ቀስ ብላ ተዘጋች።
“እስኪሞቅ ዝግ፣ ሲሞቅ ክፍት” አለ ሻረው እያየኝ፤
“እንዲህ ያለ ሹፌር ነው እኔን የናፈቀኝ።”

አዛናው የእጁን ዋጋ እንቢ አለ፤ አላስገደድኩት።
የራዲያተሩን ፊት ግን እኔው በብሩሽ አጠብኩት።

በነጋታው ዳባት ላይ ከኋላ ድምፅ ተሰማ፦
“ኧረ ተቀቀልን፣ ሹፌር! መስኮቱን ክፈቱማ!”
መርፌዋ መሐል ናት። ሻረው ጋቢውን አውልቋል።
ከበሩ አጠገብ፣ ዶሮ የታቀፈ ሰው ተቀምጧል።
በየማለዳው አያለሁ፤ አራሷ አልመጣች።
ይክፈቱ መስኮቱን፤
ቁልፏ ቀዩ ላይ ትቆያለች።